ምክሩ ደርሶናል፣ አስቤዛውስ? የምግብ እጦትን ከአለማወቅ ለሚቆጥረው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን በድሬዳዋ ነዋሪዎች ዘንድ ከስልክ ወደ ስልክ ሲዘዋወር የሰነበተ፣ ብዙዎችም «እውነት ነው» እያሉ ያጋሩት አንድ ጽሑፍ አንብቤአለሁ። ጭብጡ በከተማችን ዝቅተኛ ገቢ ያላቸው ቤተሰቦች የተመጣጠነ ምግብ የማያገኙት በዋነኛነት ገንዘብ አጥተው ሳይሆን ምን መብላት እንዳለባቸው ባለማወቃቸው ነው የሚል ነው። ጸሐፊው ለሕፃናቱ ከልብ እንደሚቆረቆሩ ከአጻጻፋቸው ይታያል፤ አንዳንዱም ትዝብታቸው ትክክል ነው። የደረሱበት መደምደሚያ ግን የተሳሳተ ነው ብዬ አምናለሁ፤ የበጀት ውሳኔን ሊያዛባ የሚችል ዓይነት ስህተት በመሆኑም መልስ ሳይሰጠው እንዲያልፍ አልወደድሁም። በነርስነት ሙያዬ ለእናቶች የሥነ ምግብ ትምህርት ስሰጥ የቆየሁ ሰው ስለሆንሁ ትምህርቱን የማጣጥልበት ምክንያት የለኝም። የምቃወመው ትምህርቱን የገንዘብ ምትክ አድርጎ ማቅረብን ነው።

የጽሑፉን ሐሳብ ሳላዛባ ባጭሩ ላስቀምጥ። ጸሐፊው በመጀመሪያ ቀፊራን በመሳሰሉ ገበያዎቻችን ርካሽና ገንቢ ምግብ ሞልቶ ሳለ ቤተሰቦች በእንጀራና ሽሮ፣ በዳቦና ሻይ ተወስነው መቅረታቸውን ያነሡና ምክንያቱን ዕውቀት ማነስ ያደርጉታል። ቀጥለው ይኸው ድሃ ቤተሰብ ለጫት፣ ለስኳር፣ ለለስላሳና ለታሸገ ብስኩት የሚሆን ገንዘብ እንደማያጣ ይጠቅሳሉ። ሦስተኛ፣ በሀብታም ቤቶች ውስጥም የቀነጨሩ፣ ማለትም ቁመታቸው ለዕድሜያቸው ያጠረ ሕፃናት መኖራቸውን በማስረጃነት ያቀርባሉ። አራተኛ፣ ለድሃ ቤተሰቦች የሚሰጠው የሴፍቲኔት ክፍያ ጥገኝነትን ስለሚያስለምድ ገንዘቡ ወደ ሥነ ምግብ ትምህርት ቢዞር ይሻላል ይላሉ። በመጨረሻም ቤተሰቦች በየጓሯቸው አትክልት እንዲተክሉና ዶሮ እንዲያረቡ ይመክራሉ፤ ክፍያው የማይቀር ከሆነ ደግሞ ትምህርቱን ያልተከታተለች እናት እንዳይከፈላት ሐሳብ ያቀርባሉ።

በገበያው ልጀምር፤ የቀሩት ነጥቦች የቆሙት በእርሱ ላይ ነውና። ጸሐፊው የጥራጥሬን ዋጋ ከሥጋ ጋር አወዳድረው ያቀረቡት ስሌት እንደ ስሌት አያስነቅፍም። ከባቄላ፣ ከአተር ወይም ከሽምብራ የሚገኝ ፕሮቲን ከሥጋ ከሚገኘው በእጅጉ ይረክሳል። የሚያስነቅፈው ማወዳደሪያው ነው። ገንደ ቆሬ ውስጥ በአንድ ክፍል የኪራይ ቤት አምስት ሆኖ የሚኖር ቤተሰብ ባቄላን ከሥጋ ጋር አያወዳድርም፤ ሥጋው ድሮውንም ከበዓል በስተቀር ከምርጫው ውጭ ነው። የሚያወዳድረው ሆድ ከሚሞላው ከማሽላ እንጀራ፣ ከሩዝና ከዳቦ ጋር ነው። የተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅትና አጋሮቹ በ2020 እ.ኤ.አ. ባወጡት ዓመታዊ ሪፖርት፣ ጤናማ የሚባለው የአመጋገብ ዓይነት በዓለም አቀፍ አማካይ ሲታይ ሆድን በእህል ብቻ ከሚሞላው አመጋገብ አምስት እጥፍ ያህል እንደሚያስወጣ አስልተዋል። ጸሐፊው ሊያነሡት ይገባ የነበረው ጥያቄ እንግዲህ ባቄላ ከሥጋ ይረክሳል ወይ የሚል ሳይሆን፣ ከእንጀራው በተጨማሪ ባቄላውን፣ ጎመኑን፣ ዘይቱንና እንቁላሉን የሚሸፍን ገንዘብ ከየት ይመጣል የሚል ነበር።

የዛሬውን ዋጋ እየጠቀስሁ ልከራከር አልሻም፤ ይህ ምላሽ ተነቦ ሳያልቅ ሊለወጥ ይችላል። አንባቢ ራሱ እንዲያሰላው ብቻ ልጋብዝ። ሁለት ሕፃናት በቀን አንድ አንድ እንቁላል ይብሉ ከተባለ በወር ስልሳ እንቁላል ነው። ስልሳውን ሰፈራችሁ ባለው ዋጋ አባዙት። ከዚያ አንድ የቀን ሠራተኛ በወር ውስጥ ሥራ የሚያገኘው ሠላሳውንም ቀን አለመሆኑን እያስታወሳችሁ፣ ከገቢው ላይ የቤት ኪራዩን፣ የውኃውን፣ የከሰሉን፣ የልጆቹን ደብተርና የአፎሻውን (የዕድሩን) መዋጮ ቀንሱ። የጸሐፊው ስሌት ለአንድ ሰው፣ ለአንድ ገበታ የተሠራ ነበር፤ ቤተሰብ ግን በአንድ ገበታ ወሩን አይዘልቅም።

ሌላው ጉድለት ዋጋው በኪሎ መሰላቱ ነው። የዕለት ገቢ ያለው ሰው ኪሎ አይገዛም። ዘይቱን በሲኒ አስለክቶ፣ ቲማቲምና ሽንኩርቱን ከጉልት በመደብ፣ ከሰሉን በጣሳ፣ የጎደለውን ደግሞ ከሰፈር ሱቅ በዱቤ ያመጣል። በዚህ መንገድ የሚገዛ ሰው ለዚያው ዕቃ አንድ ጊዜ ብዙ ከሚገዛው ሰው የበለጠ ይከፍላል። ይህን የሚያደርገው በብዛት መግዛት እንደሚረክስ ስለማያውቅ አይደለም፤ ለብዙው የሚሆን ብር በአንድ ቀን እጁ ላይ ስለማይገኝ ነው። ጥራጥሬው ራሱ ብዙ እሳት ይፈልጋል። ባቄላ ወይም ሽምብራ ለረጅም ሰዓት እየተንተከተከ የሚበላው ከሰል አንዳንድ ጊዜ ለእህሉ ከወጣው ገንዘብ ጋር ይቀራረባል፤ ሽሮ ግን ቶሎ ይደርሳል፣ ዳቦ በሻይ ደግሞ ውኃ ከማፍላት ያለፈ እሳት አይጠይቅም። ድሬዳዋ ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ሞቃት ከተማ እንደመሆኗ፣ ማቀዝቀዣ በሌለበት ቤት ጠዋት የተሠራ ወጥ ሳይበላሽ ለማታ መድረሱ ያጠራጥራል። ስለዚህ «አንድ ጊዜ በርከት አድርጎ ቀቅሎ ለሁለት ቀን ማዋል» የሚለው የጽሑፉ ምክር ለሐረማያ ደጋ ቢሆን እንጂ ለእኛ ቆላ አይሆንም። ባቄላን አዳሩን ነክሮ መቀቀል ከሰል ይቆጥባል የሚለውን ግን ያለ ማቅማማት እቀበላለሁ፤ ገንዘብ የማያስወጣ፣ እንዲያውም የሚያተርፍ ዕውቀት ነውና እኔም አስተምረዋለሁ።

ቤተሰቦች በአንድ ዓይነት ምግብ መወሰናቸውን ጸሐፊው የዕውቀት ማነስ ምልክት አድርገው ወስደውታል። የምግብ ዋስትናን የሚያጠኑ ባለሙያዎች ግን ይህንኑ ነገር የችግሩ የመጀመሪያ ደረጃ አድርገው ነው የሚያዩት። በብዙ አገሮች ለቤተሰቦች የሚቀርቡ ዘጠኝ ጥያቄዎች አሉ። የመጀመሪያው ቤተሰቡ ምግብ እንዳያልቅበት ይሰጋ እንደሆነ ይጠይቃል። ተከታዮቹ የሚወደውን ምግብ መተዉን፣ በጥቂት ዓይነት መወሰኑን ይመለከታሉ። የምግቡን መጠን መቀነስና ገበታ መዝለል ከዚያ በኋላ ይመጣሉ፤ ተርቦ ማደርና ቀኑን ሙሉ ሳይበሉ መዋል መጨረሻ ላይ ናቸው። ገቢ ሲያንስ ሰው መጀመሪያ የሚቀንሰው ዓይነቱን ነው፤ ልጆቹ ተርበው እንዳያድሩ ወጡን ያሳሳል፣ እንጀራውን ያቆያል። የሽሮው መደጋገም ማለት እንግዲህ ያቺ እናት ያላትን ብር በጥንቃቄ እያብቃቃች ነው ማለት ነው።

ይህን በከተማችን ታሪክም ማየት ይቻላል። የድሮው የጅቡቲ ባቡር አገልግሎቱ እየተዳከመ ሄዶ ሲቆም በባቡሩ የሚተዳደሩ ቤቶች ገቢ ወረደ፣ ገበታቸውም አብሮ ሳሳ። የእናቶቹ ዕውቀት ግን ከባቡሩ ጋር አልቆመም። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ደግሞ አንድ ዶላር ከ57 ብር አካባቢ ተነሥቶ በጥቂት ጊዜ ውስጥ 100 ብርን ተሻግሯል። ከውጭ በሚገባ የምግብ ዘይት ላይ የምትኖር አገር ይህ በምጣዷና በድስቷ ላይ ምን እንዳስከተለ ለድሬዳዋ ሰው መንገር አያሻም። አንዲት እናት በሰኔ የምታውቀውን በመስከረምም ታውቃለች፤ በሁለቱ ወራት መካከል ገበታዋ ከተለወጠ የተለወጠው ሌላ ነገር ነው።

ጸሐፊው ስለ ገበያው በጻፉበት ክፍል ኢኳዶር ውስጥ የተደረገውን የእንቁላል ጥናት ጠቅሰዋል። ጥናቱ በእርግጥ አለ፤ በ2017 እ.ኤ.አ. የታተመ ሲሆን፣ ከስድስት እስከ ዘጠኝ ወር ዕድሜ ላይ ሳሉ በቀን አንድ እንቁላል መመገብ ጀምረው ለስድስት ወራት የቀጠሉ ሕፃናት መቀንጨራቸው በግማሽ ገደማ መቀነሱን አሳይቷል። ጽሑፉ ያልጠቀሰው ዋና ነገር ቢኖር እንቁላሎቹ ለቤተሰቦቹ በነፃ ይታደሉ እንደነበር ነው። ለእናቶቹ «እንቁላል ጠቃሚ ነው» ብቻ ተብሎ ቢሆን ኖሮ ምን ይከተል እንደነበር ጥናቱ አይነግረንም። በኋላ ማላዊ ውስጥ ተመሳሳይ ሙከራ ሲደረግ በቁመት ዕድገት ላይ ይህ ነው የሚባል ለውጥ አልታየም፤ ስለዚህ እንቁላሉንም ቢሆን መድኃኒት አድርጎ ማየት አይገባም። በእኛ በኩል እናቶች በምክር ሰዓት «ልጅ ስድስት ወር ሲሞላው ምን ይጨመርለታል?» ተብለው ሲጠየቁ መልሱ አይዘገይም፤ ወፈር ያለ ገንፎ፣ የተፈጨ አትክልት፣ እንቁላል፣ ወተት እያሉ ይደረድሩታል። አንዲት እናት እየሳቀች «አቦ ሲስተር፣ እንቁላሉን እኔ አውቀዋለሁ፤ እሱ ነው የማያውቀኝ» ያለችኝን ለጸሐፊው ባደርስላቸው ደስ ይለኛል።

ወደ ጫቱና ወደ ስኳሩ ልለፍ። ለጫት የሚወጣ ገንዘብ የብዙ ልጆችን ቀለብ እንደሚሻማ የሚክድ ድሬዳዋን የማያውቅ ሰው ብቻ ነው፤ በዚህ ላይ ከጸሐፊው ጋር ክርክር የለኝም። ነገር ግን ይህ ትዝብት የእርሳቸውን መደምደሚያ አይደግፍም። ከሰዓት በኋላ ጫት ይዞ የሚቀመጥ አባት እንቁላል ከጫት ይልቅ ለልጁ እንደሚጠቅም የሥነ ምግብ ባለሙያ እስኪነግረው አይጠብቅም። ልማድ፣ ሥራ ማጣትና የገንዘቡ ባለቤት ማን ነው የሚለው ነገር በምግብ ሥዕል አይፈቱም። ደግሞም ጫት እዚህ አገር ወጪ ብቻ አይደለም። ከአወዳይ የሚመጣውን ጫት እየቸረቸሩ ልጆቻቸውን የሚያሳድጉ እናቶች ስንት ናቸው! ገራባው፣ ማለትም ከተቃመው ጫት የሚተርፈው፣ እንኳ ተሰብስቦ ለፍየል ቀለብ ይሆናል። «ጫት ይቁም» የሚል ሰው በአንድ ቤት ወጪ ሲቀንስ በጎረቤቱ ቤት ገቢ እንደሚያቋርጥ ማሰብ አለበት።

የስኳሩና የብስኩቱ ነገር ከዚህ ይለያል። ስኳር የበዛበት ሻይና ዳቦ ያለ ብዙ እሳትና ያለ ድካም ፈጥኖ ጉልበት የሚሰጥ ርካሽ ምግብ ስለሆነ ሲነጋ ወደ ሥራ ለሚሮጥ ሰው ምርጫው ምክንያት አለው። ለሕፃን በሻይ የራሰ ብስኩት መስጠት ግን ጉዳት ነው፤ ሻይ ከእህልና ከአትክልት የሚገኘውን ብረት ሰውነት በሚገባ እንዳይወስደው ስለሚያደርግ በደም ማነስ ለሚጠቃ ልጅ ይባስ ይከፋዋል። በ2008 ዓ.ም. በተካሄደው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከአምስት ዓመት በታች ካሉ ሕፃናት ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ደም ማነስ እንዳለባቸው መገኘቱ ሲታሰብ፣ ይህን ማስተማር ጊዜ የሚሰጠው ጉዳይ አይደለም። ቀጭን አጥሚትን ትቶ ከማንኪያ ላይ የማይፈስ ገንፎ መስጠት፣ ተቅማጥ የያዘውን ልጅ ምግብና ጡት አለመከልከል፣ እስከ ስድስት ወር ከእናት ጡት ሌላ ውኃም ቢሆን አለመስጠት፣ ብዙ ብር የማይጠይቁ ነገሮች ናቸው። ጸሐፊው ጽሑፋቸውን በእነዚህ ላይ ወስነው ቢሆን ኖሮ እኔም አብሬ አጋራው ነበር። እዚህም ቢሆን አንድ ነገር መጨመር ያስፈልጋል። ጡት ብቻ ማጥባት ነፃ የሚመስለው እናቲቱ ቤት ስትውል ነው፤ ቀኑን በሰው ቤት ልብስ ስታጥብ ወይም ሕንፃ ሥራ ላይ ድንጋይ ስታቀብል የምትውል እናት አራስ ልጇን ለትልቋ ልጇ ትታ ስትሄድ፣ ለማጥባት የምትከፍለው የቀኑን ደመወዝ ነው።

የጽሑፉ ጠንካራ ክፍል ሦስተኛው ነው፤ ብዙ አንባቢን ያሳመነውም እርሱ ይመስለኛል። በዚያው የ2008 ዓ.ም. ጥናት በአገሪቱ ከአምስት ዓመት በታች ካሉ ሕፃናት 38 በመቶው፣ በድሬዳዋ ደግሞ 40 በመቶው የቀነጨሩ ሆነው ተገኝተዋል። በሀብት ከፍተኛ ደረጃ ላይ ከተመደበው አንድ አምስተኛ ሕዝብ ውስጥ እንኳ ከአራት ሕፃናት አንዱ ገደማ የቀነጨረ ነው። ጸሐፊው «እነዚህም ገንዘብ አጡ ልትሉን ነው?» ብለው ይጠይቃሉ። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ገንዘብ ብቻውን መቀንጨርን እንደማያጠፋ ቁጥሩ በግልጽ ያሳያል፤ በዚህ ልክ እውነት አላቸው።

ሆኖም ያንኑ ሠንጠረዥ እስከ ታች ማንበብ ይገባል። በመጨረሻው የድህነት ደረጃ ላይ ባሉት ዘንድ የቀነጨሩት ሕፃናት ወደ ግማሽ ይጠጋሉ። ከላይኛው ደረጃ ጋር ያለው ይህ ሰፊ ልዩነት አለማወቅ ብቻ ያመጣው ነው ለማለት ሀብትን ከሒሳቡ ማውጣት ያስፈልጋል። ከዚህም በላይ በእንዲህ ዓይነቱ ጥናት «ሀብታም» የሚለው ደረጃ ገቢን የሚለካ አይደለም። ደረጃው የሚወጣው ቤቱ መብራት አለው ወይ፣ ወለሉና ጣሪያው ከምን ተሠራ፣ ቴሌቪዥንና ስልክ አለ ወይ፣ ውኃው ከየት ይቀዳል እየተባለ ሲሆን፣ ንጽጽሩም አብዛኛው ሕዝቧ ገጠር ከሚኖርባት አገር ጋር ነው። በዚህ መለኪያ አብዛኛው የከተማ ነዋሪ ወደ ላይኛው ደረጃ ይገባል። ለገሃሬ አጠገብ ሲሚንቶ ወለልና መብራት ባለው ክፍል ውስጥ በኪራይ የሚኖር፣ አሮጌ ቴሌቪዥን ያለው የቀን ሠራተኛ ኪሱ ባዶ ሆኖ ሳለ ከሀብታሞቹ ጋር ሊቆጠር ይችላል። ጸሐፊው የባለ ቪላ ልጅ አድርገው ያሰቡት ሕፃን ምናልባት የእርሱ ልጅ ይሆናል።

በዚህ ላይ መቀንጨር የምግብ ውጤት ብቻ አይደለም። እናቲቱ ከመፀነሷ በፊትና በእርግዝናዋ ወቅት የበላችው፣ በወሊዶች መካከል ያለው ጊዜ፣ የውኃው ንጽሕና፣ የተቅማጥ መደጋገም ሁሉ ድርሻ አላቸው። በርካታ ተከራዮች በአንድ ግቢ ውስጥ አንድ መጸዳጃ በሚጋሩበት ሰፈር ልጁ በልቶ ያገኘውን ተቅማጥ ይወስደዋል። የተማሩ እናቶች ልጆች ያነሰ የሚቀነጭሩ መሆናቸውንም ጽሑፉ ይጠቅሳል፤ እውነት ነው። ግን የተማረች እናት የተሻለ ደመወዝ ያላት፣ የተሻለ ደመወዝ ያለው ባል ያገባች፣ በቤቷም ድምፅ ያላት የመሆን ዕድሏ ሰፊ ነው። ትምህርት ቤት አሥራ ሁለት ዓመት መማርን ጤና ጣቢያ ግቢ ውስጥ ከተሰጠ የአንድ ሰዓት ምክር ጋር አንድ አድርጎ ማየት ደግሞ ከቁጥሩ የማይገኝ መደምደሚያ ነው።

አራተኛው ነጥብ ገንዘቡን ከክፍያ ወደ ትምህርት እናዙር የሚለው ነው። ስለ ጥገኝነቱ ብዙ አልልም። የከተማ ልማታዊ ሴፍቲኔት በአሥራ አንድ ከተሞች ሲጀመር ድሬዳዋ አንዷ ነበረች፤ ጉልበት ያላቸው ተጠቃሚዎች መንገድ ሲጠርጉ፣ ችግኝ ሲተክሉና ቦይ ሲያጸዱ ነዋሪው ሁሉ ያያቸዋል። ሠርቶ የሚከፈለውን ሰው ጥገኛ ማለት ተገቢ አይደለም፤ ያለ ሥራ የሚከፈላቸው መሥራት የማይችሉ አረጋውያንና ሕሙማን ናቸው። የሚሰጣቸውን ብር ለሱስ ያውሉታል የሚለውን በተመለከተ፣ ሁለት ተመራማሪዎች በ2014 እ.ኤ.አ. ለዓለም ባንክ ባዘጋጁት ሥራ ከልዩ ልዩ አገሮች 19 ጥናቶችን መርምረው፣ የገንዘብ ድጋፍ በመጠጥና በትምባሆ ላይ የሚወጣውን ወጪ እንደማይጨምር አግኝተዋል። ጫት በዚያ ዝርዝር ውስጥ አልነበረም፤ ሆኖም ድሃ ሰው ገንዘብ ሲያገኝ ያባክነዋል የሚለውን አጠቃላይ እምነት ለመመርመር ይበቃል።

ለዚህ ክርክር ከሁሉ ይበልጥ የሚጠቅመን ከ2012 እስከ 2014 እ.ኤ.አ. በባንግላዴሽ ገጠር የተካሄደው ሙከራ ነው። ዓለም አቀፉ የምግብ ፖሊሲ ምርምር ተቋምና የዓለም ምግብ ፕሮግራም ድሃ እናቶችን በዕጣ በቡድን ከፋፍለው ለአንዳንዶቹ ገንዘብ ብቻ፣ ለአንዳንዶቹ ምግብ ብቻ፣ ለሌሎቹ ደግሞ ከነዚህ ጋር የተጠናከረ የሥነ ምግብ ትምህርት ሰጡ። ከሁለት ዓመት በኋላ መቀንጨር ጉልህ በሆነ መጠን፣ ከሰባት መቶኛ ነጥብ በላይ የቀነሰው ገንዘብና ትምህርት አንድ ላይ ባገኙት ቤቶች ነበር። ገንዘብ ብቻውን መቀንጨርን አልቀነሰም። ይህ ለእኔ የማይመች ውጤት መስሎ ለሚታየው አንባቢ፣ ጨርሶ አይደለም እላለሁ፤ ከመጀመሪያውም ትምህርት አያስፈልግም አላልሁም። ይልቁንም የማይመቸው ለጸሐፊው ነው፤ የእርሳቸው ሐሳብ ከሁለቱ አንዱን ቆርጦ ለሌላው መስጠት ስለሆነ ውጤት ያመጣውን ጥምረት ያፈርሰዋል። በዚያ ሙከራ ትምህርት ብቻውን የተሰጠው ቡድን ስላልነበረ፣ ትምህርት ብቻውን ይበቃል የሚል ሰው ማስረጃውን ከሌላ ቦታ ማምጣት ይኖርበታል። የትምህርቱም ዓይነት መታየት አለበት። ሳይቋረጥ በቡድንና ቤት ለቤት እየተሰጠ፣ ባሎችን፣ አማቶችንና የአካባቢ ሽማግሌዎችን ጭምር ያሳተፈ ነበር። በወር አንድ ጊዜ ግድግዳ ላይ ሥዕል ለጥፎ «አትክልት ብሉ» ከማለት ጋር አይገናኝም።

የጓሮ አትክልቱና የዶሮው ምክር ረጅም መልስ የሚጠይቅ አይደለም። በ2015 ዓ.ም. የተጀመረው የሌማት ትሩፋት የተባለው የመንግሥት መርሐ ግብር ግቢና ውኃ ላላቸው ቤተሰቦች ጥሩ መንገድ ከፍቷል፤ በገጠር ቀበሌዎቻችንም ሆነ በከተማው ዳር ሰፊ ግቢ ላላቸው እኔም እመክራለሁ። በአንድ ክፍል የሚኖር ተከራይ ግን ጓሮ የለውም፤ ውኃውን በጀሪካን ገዝቶ የሚጠጣ ሰው በድሬዳዋ ፀሐይ ላይ ጎመን አያጠጣም፤ የዶሮ መኖም ከሰው እህል እኩል ይወደዳል። ጸሐፊው «ማንም ሰው በጆንያ ውስጥ መትከል ይችላል» ማለታቸው ጆንያውን የምታስቀምጥበትን ቦታ ከአከራይዋ ማስፈቀድ ያለባትን ሴት ስላላሰቡ ይመስለኛል።

የቀረው ትምህርቱን ያልተከታተለች እናት አይከፈላት የሚለው ሐሳብ ነው፤ በተግባር ብዙ ጉዳት ሊያደርስ የሚችለውም እርሱ ነው። ከትምህርቱ የምትቀረው እናት ብዙውን ጊዜ በዚያ ቀን ሥራ ያገኘች፣ ወይም ልጇ የታመመባት፣ ወይም ጉልቷን የሚጠብቅላት ያጣች ናት። ቅጣቱ የሚያርፈው ከሁሉ ይልቅ ገንዘቡ በሚያስፈልገው ቤት ላይ፣ በመጨረሻም ልንረዳው በተነሣነው ልጅ ሆድ ላይ ነው። በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው የገጠሩ ሴፍቲኔት ለዚህ የተሻለ መንገድ አሳይቷል። ነፍሰ ጡሮችና የሚያጠቡ እናቶች ከጉልበት ሥራው ነፃ ሆነው ክፍያቸው ይቀጥላል፤ በዚያ ጊዜም የጤናና የሥነ ምግብ ምክር እንዲከታተሉ ይጠበቃል። ለምክሩ የምትመጣበት ሰዓት ከደመወዟ ሳይቀነስ እንደ ሥራዋ ተቆጠረላት ማለት ነው።

በከተማችንም ቢሆን ለማስተካከል የሚከብድ ነገር አይታየኝም። የምክሩ ቀን ከክፍያው ቀን ጋር ቢገጣጠም እናቲቱ የሰማችውን ነገር በዚያው ቀን ገበያ ላይ ልትሞክረው ትችላለች። የምግብ ዝግጅት ሠርቶ ማሳያው የሚሠራባቸው ነገሮች በዚያ ሳምንት ከሰፈሩ ጉልት ሊገዙ የሚችሉ ቢሆኑ፣ የከሰሉም ወጪ አብሮ ቢሰላ፣ ተማሪዋ «ይህ ለእኔ አይደለም» ብላ አትወጣም። ጸሐፊው ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው «እናት» እያሉ የጻፉትን ጽሑፍ እንደገና የሚያዩት ከሆነ ደግሞ የጫቱንም የአስቤዛውንም ብር በብዙ ቤት የሚይዘው አባት አንድ ጊዜ እንኳ አለመጠራቱን ልብ እንዲሉልኝ እለምናለሁ። አባቶችን ጤና ጣቢያ ማስመጣት እንደሚያዳግት ከልምዴ አውቃለሁ። የአፎሻ ስብሰባ ላይ ግን ይገኛሉ፤ ሊቀመንበሩን አስፈቅዶ ከመዋጮው በፊት ግማሽ ሰዓት መጠየቅ ይቻላል።